ገና ያልደረቀችው ክፍል

ሰፈሩ ካውያ ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ስለኖረች ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ትግላለች፣ የተጨማደደ ነገርም አይሆንላትም። ክፋት የለባትም። «ተይ» ሲሏት የሚብስባት ሴት ግን ናት። አብራት የምትኖረው አክስቷ የጸጉሯን ሽበት በሙሉ በእሷ ነው የምታሳብበው።

እንግዲህ ይህች ካውያ በትልቁ ከተማ መሐል፣ በሁለት የመስታወት ፎቆች መካከል ተጣብቦ የቆመውን ባለ ሦስት ደርብ ጥንታዊ ቤት ተከራየች ሲባል ልብስ የምታጥብበት ግቢ በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ማን ሊኖርበት?» አለች አክስቷ።

«እኔ።»

«ከማን ጋር?»

«ከራሴ ጋር።»

«ደግ ነው። ከራስሽ ጋር ብትጣሉ እንኳ ክፍል አይቸግራችሁም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ለብዙ ዘመን ተቆልፎ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ እርግብ እየተፈለፈለበት ቆይቷል። ልጁ መሐንዲስ ነው፤ ሥራው አሮጌ ቤቶችን እየጠገነ ወደ ቀድሞ መልካቸው መመለስ ነው። የሰው ቤት ሲያድስ ኖሮ በመጨረሻ ወደ አባቱ ቤት ዞረ። ግድግዳውንም እንደ ጥንቱ በኖራ ለሰነው። ኖራ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ አይደለም። እየተነፈሰ፣ ቀስ እያለ ነው የሚደርቀው። ከዘጉበት ይሻግታል፣ በእሳት ካጣደፉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋናው ተከራይ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ለስሙ ያህል ኪራይ እየከፈለ ይገባበታል። ጠዋት መስኮት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል፣ በየክፍሉ ምድጃ ተራ በተራ ትንሽ እሳት ያነዳል፣ አልጋውን ከክፍል ክፍል እያዞረ ይተኛል። ቤቱ የሰው ትንፋሽ እንዲለምድ ነው። ግድግዳው ሲደርቅ ያ ሰው ዕቃውን ሸክፎ ይወጣል።

መሐንዲሱ ለዚህ የሚሆን ሰው ሲያፈላልግ የሥራ ቦታ መሸፈኛ ጨርቆቹን የምታጥብለት ሴት ትዝ አለችው። ግቢው ድረስ መጣና በሳፋዎቹ መሐል ቆሞ፣ «እርጥቡን ከደረቁ በእጁ የሚለይ ሰው ነው የምፈልገው። እርስዎ ይሆኑልኛል?» አላት።

ካውያ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ከልብስ ማስጫው ገመድ በቀር ማንም አልነበረም።

የገባች ቀን መጀመሪያ የተቀበላት ዝምታው ነው። መንገዱ ላይ መኪናው ይንጫጫል፣ ሻጩ ይጮኻል። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ስትል ያ ሁሉ ድምፅ ወፍራም ብርድ ልብስ እንደተጣለበት ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ደረጃው ከጥቁር እንጨት ተፈልፍሎ፣ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይሄዳል። መደገፊያው ስንት ዘመን ስንት መዳፍ እንዳለፈበት እንጃ፣ ለስልሶ እጅ ያሟልጫል። ከደረጃው በላይ ያለው ባለቀለም መስታወት የጠዋቷን ፀሐይ ተቀብሎ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ቢጫውን እርከኖቹ ላይ አፍስሶታል። ካውያ ልትወጣ እግሯን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«ምነው?» አላት መሐንዲሱ።

«ይሄንንማ በጫማ አልረግጥም።»

«ብርሃን እኮ ነው። አይቆሽሽም።»

«በምን ያውቃሉ? አጥበውት ያውቃሉ?»

መሐንዲሱ እርከኖቹን አየ። መነጽሩን አስተካከለ። ከዚያ እሱም ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ፊትና ኋላ ሆነው፣ ቀለሙ እጃቸው ላይና ፊታቸው ላይ እየተቀያየረ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወጡ። ካውያ አርባ ልትሞላ ትንሽ የቀራት ሴት ናት። አግብታ ፈታለች፣ ብዙ አይታለች፣ በቀላሉ የምትደነቅ አይደለችም። በዚያ ደረጃ ላይ ግን ልቧ አንድ ነገር ሊነግራት ሲጀምር ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች።

ከዚያ ወዲያ መሐንዲሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል። በገዛ ቤቱ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ግድግዳውን ሲመረምር መሣሪያ አይዝም። በእጁ ጀርባ ይዳስሰዋል፣ በጣቱ ቋ ቋ ያደርገዋል፣ በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ያስጠጋል፤ ልጁን ያተኮሰበት አባት እንደሚያደርገው። ካውያ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ለግድግዳ እንዲህ የሆነ ሰው ለሰውማ እንዴት ይሆን ትላለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ አንቺ ምን አገባሽ ብላ ራሷን ትቆጣለች።

«ይህ ደርቋል» ይልና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። «ይህም ደርቋል።»

አንድ ክፍል በደረቀ ቁጥር ካውያ የምትወጣበት ቀን ይቀርባል። ቤቱን ለምዳዋለች እኮ። በጀርባዋ ተኝታ ኮርኒሱን ታያለች፤ ቅጠሉ፣ ሐረጉ፣ ወፉ ሁሉ በኖራ ተሠርቶ ዙሪያውን ይዞራል። አልጋዋን ባዞረች ቁጥር ሌላ አገር አድራ የነቃች ይመስላታል። የሰው ልጅ ይህንን በእጁ ሠርቶ፣ ዝም ብሎ ሞቶ ሄደ? ትላለች። የሠራው ሰው ግድግዳው ላይ ስሙን እንኳ አልጻፈም።

በመጨረሻ ሦስተኛው ደርብ ላይ መንገዱን የምታየው ክፍል ብቻ ቀረች። ጉዱም እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ዝናቡ ገባ። ግቢው ውስጥ የተሰጣ አንሶላ ሳይደርቅ እያደረ መሽተት ጀመረ። አልጋ የሚያከራዩት ደንበኞች በየቀኑ እየመጡ ይነዘንዛሉ። አክስቷ አንድ ጠዋት እርጥቡን ሁሉ በሳፋ ተሸክማ ከቤቱ ደጃፍ ደረሰች።

«ያንን ሁሉ ባዶ ክፍል አንቺ ታቅፈሽ ተኚ፤ እኛ በእርጥብ አንሶላ እንለቅ» አለቻት።

ካውያ አንድ ቀን ብቻ አለች። ከመስኮቱ እጀታ እስከ በሩ ማጠፊያ ገመድ ወጠረችና ሰቀለችው። እንግዲህ አስቡት፤ ቤት እንድታደርቅ የገባች ሴት የከተማውን እርጥብ ጨርቅ አምጥታ እዚያው ቤት ውስጥ ሰቀለች። ያቺ አንድ ቀን ደግሞ ወለደች፣ ተባዛች። አርብ አርብ ገመዱን ትፈታለች፣ መስኮቱን ትበረግዳለች፣ ወለሉን ትወለውላለች። ቅዳሜ እሱ ይመጣል። ጉንጩን ያስጠጋል። ከሌላው ክፍል ይልቅ እዚህ ይቆያል።

«ይህችኛዋ ገና ናት» ይላል።

ያችን «ገና» ስትሰማ ካውያ በአንድ ጊዜ ሁለት ሴት ትሆናለች። አንዷ በሐፍረት መሬት ትገባለች። ሌላዋ አንድ ሳምንት ተጨመረልኝ ብላ እንደ ልጅ ትዘላለች። ሁለቱም አንድ ደረት ውስጥ ስለሚኖሩ ሲጋፉ ትንፋሽ ያጥራታል።

አንድ ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ እንዳሉ የመሐንዲሱ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ታላቅ እህቱ ናት። ቤቱ የሁለቱም ነው። ድምፅዋ ከእሱ ጆሮ ተርፎ ካውያ ጋ ይደርሳል።

«ተከራይ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ጥርስ ሐኪም ነው፣ ጨዋ ሰው። ስንት ጊዜ ልዋሸው? ይህች አንድ ክፍል ምን ሆና ነው የማትደርቀው?»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «የኔ ስህተት ነው።»

ይህን ሲል ዓይኑ ካውያ ላይ አረፈና ቶሎ ሸሸ።

ካውያ ያንን አልቻለችም። ይህ ሰው በእጁ ሥራ ሲጠራጠር አይታው አታውቅም። በእሷ አንሶላ የተነሳ ሙያውን ሊጠላ ነው። የዚያኑ ዕለት ገመዱን ጠቅልላ ለአክስቷ መለሰች።

«ከዛሬ ጀምሮ ጎርፍ ከተማውን ይዞት ቢሄድ አንዲት የትራስ ልብስ እዚያ ቤት አትገባም።»

አክስቷ አየቻት፣ አየቻትና «ወይ ጉዴ፣ ወደሽዋል» አለች።

«ምኑን? ግድግዳውን?»

«አዎ፤ ባለ መነጽሩን ግድግዳ።»

ካውያ ተቆጥታ ወጣች። እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ግን ከንፈሯን መሰብሰብ አቅቷት ነበር።

በየጠዋቱ ሦስተኛው ደርብ ወጥታ ያችን ክፍል ትለማመጣለች። «ድረቂልኝ» ትላታለች። «እባክሽ በሰው ፊት አታሳጪኝ።» ክፍሏም ሰማቻት። አንድ ቀን ካውያ መዳፏን ብታሳርፍ እንደተተኮሰ ጨርቅ ሆነላት። ብታንኳኳው እንደ ሸክላ ማሰሮ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ለብቻዋ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ከፋት። እንግዲህ መውጣቷ ነው።

ቅዳሜ መጣ። ጉንጩን አስጠጋ። «ገና ናት» አለ።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። «ገና ናት።» በዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ።

ካውያ በመጀመሪያ እጇን ጠረጠረች። እጇ ግን ዋሽቷት አያውቅም። ግራ ቢገባት ለአክስቷ ነገረቻት።

«ሞኝ ነሽ» አለች አክስቷ፣ ሳሙና የያዘ እጇን እያራገፈች። «ጠባቂ ቢቀጥር ደሞዝ ይከፍላል። አንቺ እየከፈልሽ ትጠብቂለታለሽ። ለምን ብሎ ደረቀ ይልሻል?»

ቃሉ እንደ ብርድ አጥንቷ ውስጥ ገባ። ለካ ያ ሁሉ «እርስዎ»፣ ያ ሁሉ ማንኳኳት፣ ያ ሁሉ ቀስ ብሎ ማየት ለጥበቃ ኖሯል። አላለቀሰችም። እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች። አጠፋው ግን ልክ አልመጣ አለ።

ቅዳሜ ፊት ለፊት ልትነግረው ቆርጣ ተነሳች። ደርቋል፣ ወጥቻለሁ፣ ቁልፉ ይኸው፣ ልትለው ነው። ልብሷን በጨርቅ ቋጠረች። የታችኛው በር ግን ሳይንኳኳ ተከፈተ።

የመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚገባ ሴት። ጥርስ ሐኪሙንና ሚስቱን አስከትላለች። ሐኪሙ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ሲያይ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ዝጋው» አለችው ሚስቱ በሹክሹክታ። «ሰው ጥርስህን ይመረምራል።»

እህትየው ማንንም ሳትጠይቅ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ደርብ ወጣች። ካውያም ተከተለች። እህትየው መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ይህ እኮ አጥንት ሆኗል» አለች። ከዚያ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ወደቀ። አዲስ የተቀባው እጀታ ዙሪያውን ተልጧል። «ይህ የምን ጭረት ነው?»

«የገመድ ነው» አለች ካውያ።

«የምን ገመድ?»

«የልብስ። በዝናቡ ጊዜ አንሶላ ሰቅዬበታለሁ። አንድ ቀን ብዬ ጀመርኩ፣ ብዙ ቀን ሆነ። ከተውኩት ቆየሁ። ጥፋቱ የኔ የብቻዬ ነው፤ ወንድምዎ አያውቁም።»

እህትየው ጭረቱን በጣቷ ዳሰሰችው። «ቤት እንድታደርቂ አስገብተንሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «ልብስ ማድረቂያ አደረግሽው።»

ካውያ ራሷን አልደፋችም።

«እኔ አውቃለሁ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

መሐንዲሱ ነው። ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጫማውን በእጁ ይዟል።

«ጫማህን ምን ነካው?» አለች እህቱ።

«አንሶላው ከተሰቀለበት ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ» አለ። «ጉንጬን ሳስጠጋ ግድግዳው ሳሙና ሳሙና ይለኝ ነበር።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

«ዝም አልኩ። መጀመሪያ ያዘገየው አንሶላው ነው። በኋላ እሷ ተወችው፣ ግድግዳውም ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው ገና፣ ገና ሁሉ የኔ ነው።» የሚናገረው ለእህቱ ነው፤ ዓይኑ ግን ካውያን አይለቅም። «በስልክ ስህተቱ የኔ ነው ያልኩሽ እውነቴን ነው እትዬ። ስንት ዓመት ስሠራ ስለ ግድግዳ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ደርቋል ካልኩ ግን ቅዳሜ መምጫ የለኝም። ሌላ ምክንያት እንዳልፈጥር ደግሞ አፍ የለኝም። እኔ ከግድግዳ ጋር ነው ያደግሁት።»

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነጩን ግድግዳ ስትነካው ግድግዳው ራሱ የሚያበራ መሰለ። የሐኪሙ ሚስት የባሏን እጅ ያዘች። ሐኪሙ በጨዋ ደንብ ኮርኒሱን መመርመሩን ቀጠለ።

ካውያ የመስኮቱን ደፍ ተደገፈች። አንድ ሰው ለእሷ ብሎ፣ ለዚህች እጇ በበረኪና ለተላጠ ሴት ብሎ፣ በዓለም ላይ ያለውን አንድ የሚኮራበትን ነገር አሳልፎ ሰጥቷል። ይህን የት ታስቀምጠው? የሚበቃ ቦታ ውስጧ ያለ አልመሰላትም። ማስቀመጫ ስታጣም ንዴቷ ቀደማት።

«እኔ እኮ» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ «በየጠዋቱ እዚህ ቆሜ ግድግዳ ስለማመጥ ነበር። ድረቂልኝ፣ አታሳጪኝ እያልኩ። ሲደርቅ ደግሞ እጄን ጠረጠርኩ፣ ቀጥዬ ደግሞ አንተን ጠረጠርኩ። በነፃ ሊያስጠብቀኝ ነው ብዬ አንጀቴ ሲቃጠል ነው የሰነበተው። አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ?»

«አንተ» ስትለው ሁሉም ሰማ። እሱ ግን ዘመኑን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ቃል ይመስል ፊቱ በራ።

«ይኸው ይህ ነው ያለኝ» አላት። «አትሂጂ። እዚሁ ሁኚ።»

«ወንድሜ፣ የምትናገረውን አስተውል» አለች እህቱ። «አጣቢ እኮ ናት።»

«እኔም ለሳኝ ነኝ እትዬ። መነጽሩ ነው ያሳሳተሽ።»

ሁሉም ወደ ካውያ ዞሩ። ካውያ ቋጠሮዋን አነሳች።

«አልቀመጥም» አለች።

መሐንዲሱ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ።

«ሥራዬን ጨርሻለሁ። ቤቱን ሐኪሙ ይከራዩት። ሚስታቸውን ደረጃው ላይ አይቻታለሁ፣ ቀስ ብላ ነው የምትረግጠው፤ ለቤቱ ትሆናለች። እኔ እዚህ ከቀረሁ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አንተ አስገቢ፣ እኔ የገባሁ ነኝ። እስካሁን ያንኳኳኸው የራስህን በር ነው። የኔን በር አንኳኩተህ አታውቅም። በሩ ዝቅ ያለ ነው። አክስቴ ምላሷ አይቻልም። የምትለው ካለህ እዚያ መጥተህ፣ በቀን፣ በሰው ፊት በለው።»

ከዚያ ወጣች። መተላለፊያው ላይ ቋጠሮዋ ተፈታባትና ልትሰበስብ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ገርበብ ባለው በር በኩል እህትየውን አየቻት። ሁሉም ፊታቸውን ባዞሩበት ቅጽበት ያቺ ኩሩ ሴት አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ አስጠግታ ቀስ ብላ አሸተተች። ፊቷም ለአፍታ በአባቷ ቤት ያለች የትንሽ ልጅ ፊት ሆነ።

ካውያ ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። መንገዱ ላይ ስትደርስ ያ ሁሉ የመኪና ጩኸት ከሩቅ የሚመጣ ዝማሬ መስሎ ተሰማት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ግቢው በሙሉ ሳፋውን አውጥቷል። ካውያ ለአክስቷ ምንም አልነገረቻትም፤ ሳሙናውን ግን አለቅጥ ትፈትጋለች።

«ምን አድርጎሽ ነው?» አለች አክስቷ። «ሳሙና እኮ በነፃ አይሰጡንም።»

የግቢው በር ተንኳኳ። በዚያ ግቢ ሰው ተጣርቶ ይገባል እንጂ አንኳኩቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ቀና አለ። መሐንዲሱ ከወገቡ ታጥፎ ገባና በገመዶቹ መሐል ቀና አለ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

«ግድግዳው መጣ» አለች አክስቷ ጮክ ብላ።

ሳቁ በግቢው ዞረ። እሱም ለምን እንደሚሳቅ ሳይገባው አብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

«ቆይ» አለች አክስቷ። «እዚህ ግቢ እጁን አጣምሮ የሚናገር ሰው አይደመጥም። ይህንን ያዝ።»

ከሳፋው የወጣ፣ ውኃ ያዘለ ሰፊ አንሶላ ጫፍ አስጨበጠችው። ሌላውን ጫፍ ካውያ ያዘች። በግቢው ስፋት ልክ ተራርቀው ቆሙ። ካውያ መጠምዘዝ ስትጀምር መሐንዲሱ እጇን እያየ እንደ መስታወት ተከተላት። አንሶላው ዝም ብሎ ተሽከረከረ እንጂ ጠብታ አልወጣውም።

«እሷን አትከተል» አለች አክስቷ። «የራስህን አዙር። አንድ ላይ ከዞራችሁማ ማን ይጨምቀዋል?»

የራሱን አዞረ። አንሶላው እንደ ገመድ ጠነከረ፤ ውኃው ፀሐዩ ላይ እያብረቀረቀ መሐላቸው ይወርድ ጀመር። አንሶላ ሲጠመዘዝ ያጥራል። ባጠረ ቁጥር ሁለቱም ሳያስቡት አንድ እርምጃ ይቀርባሉ። ደግሞ ይጠመዘዛል፣ ደግሞ ያጥራል። ሳቂዎቹ ጎረቤቶች እጃቸውን ሳፋ ውስጥ እንደነከሩ ቀሩ።

«ልናገር?» አላት። አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢናገርም ይሰማታል።

«በሰው ፊት ነው ያልኩህ።»

እሱም ቀና አለ። «አግቢኝ» አለ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ። «ቤት የለኝም፤ ከሐኪሙ ጋር ተዋውለን ቁልፉን ሰጥቻቸው መጣሁ። የትም ብትይኝ እመጣለሁ።»

ካውያ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ነገር መልስ ያላት ሴት ናት። አሁን ግን አንሶላውን አንድ ዙር ደገመችው። የአንሶላው ጫፍና ጫፍ ሊገናኝ የእጅ ስፋት እንኳ አልቀረውም። የጣቶቹ ሙቀት በእርጥቡ ጨርቅ አልፎ ይሰማታል። ዓለሙ ሁሉ፣ ሰማዩም፣ ግቢውም፣ ያ ታጥቦ የማያልቀው ሥራዋም፣ ተጠምዝዞ እዚች ላይ የተቋጠረ መሰላት። እንዳይፈታባት ፈራች።

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አለችው፤ የገዛ ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም።